ከጅጋ ወዲያ የቆመው የጭነት መኪና

ከቡሬ ከተመለስኩ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዓባይ በረሃ ነው። ገደሉ ምን ያህል ያስፈራል፣ ዝንጀሮው ለሰው ይቀርባል ወይ፣ ውኃው ምን ይመስላል ይሉኛል። እኔ ሰው ፊት መናገር ሲመጣ ምላሴ ስለሚተሳሰር «ያስፈራል» ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ጉዞ ልቤ ውስጥ የቀረው ዓባይ አይደለም። ከጅጋ ወዲያ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ፣ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ነው። እሱን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በአፌ ያልሆነልኝን በጽሑፍ ልሞክረው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ይኖር ይሆናል፤ የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው።

እሑድ ከናዝሬት ተነሣሁ። ታላቅ እህቴ ጽጌ ባሏ መምህር ሆኖ ቡሬ ስለተመደበ እዚያው ወልዳ ነበር፤ እናቴ መሄድ ስላልቻለች እኔን ላከችኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ብቻ ሳምንት ተመላልሻለሁ። እናቴ ለአራሷ አጃ፣ በርበሬና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቅቤ አሸከመችኝ። ወደ ጎጃም ቅቤ ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ እህቴ ቆርቆሮውን ስታይ ሳቋን መግታት አቅቷት ልጁን ለጎረቤት አቀበለች። ያን ቀን አዲስ አበባ አጎቴ ቤት አደርኩ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። መኪና ያመኛል። ገና ፍቼ ሳንደርስ ማስመለስ ጀመርኩ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ ኖሮ መኪናውን አቁሞ «እህቴ፣ ነይ ከፊት ተቀመጪ፣ ነፋስ ታገኛለሽ» አለኝ። ከእሱ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ቄስ አጠገብ አስቀመጠኝ፤ ለሎሚም ረዳቱን ላከልኝ። ይህን የምጽፈው መልካምነቱን እንዳልካድኩ እንዲታወቅልኝ ነው። ወጣት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መንገደኛ የሚወደው ዓይነት ሰው ነበር።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ልክ እንደኛ አገር ሆነና ትንሽ ነፍሴ መለስ አለች። ግን ቅቤውም ቀለጠ። ቆርቆሮው አፍስሶ የቄሱን ጋቢ አበላሸው። ከሐፍረት የተነሣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መምሬ ግን ጋቢያቸውን አሸተት አድርገው «ግዴለም ልጄ፣ ዛሬ የሚያየኝ ሁሉ ከሠርግ ቤት የመጣሁ ይመስለዋል» አሉ። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ወረቀት ስናሳይ፣ ዕቃ ስናስፈትሽ ብዙ ቆየን። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አብራን የምትጓዝ፣ ቡሬ እህል የምትነግድ አንዲት ሴትዮ ብቻዬን መሆኔን አይታ «ከኔ ጋር እደሪ፣ የሆቴል በር አይታመንም» ብላ አልጋዋን አካፈለችኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ሰው ደጅ ወጥቶ ይቀመጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ከማርቆስ ወጣን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ዳርና ዳሩ ግን ዓይን የሚሞላ ነው። የጤፍ ክምር፣ ውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች፣ ከየደጁ ዛፍ። እኛ አገር ከግራርና ከአቧራ በቀር ምን አለና! ደምበጫን ስናልፍ መንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎ፣ አንዳንድ ቦታም ቅጠል ተነስንሶ አየን። በሰሞኑ ከላይ የሚመጣ ትልቅ እንግዳ አለ ተብሎ የገበሬ ማኅበራቱ ሥራቸውን ጥለው መንገዱን ሲያስጌጡ ሰንብተዋል፤ እንግዳው ግን አልመጣም። ቅጠሉ እዚያው ቆሞ ደርቋል። ሹፌራችን ይህን ሲያይ ጨዋታ አገኘ።

«አያችሁ? ለኔ ነው ይህ ሁሉ አቀባበል! እጃችሁን አውጡና ሕዝቡን ሰላም በሉ!»

ሰዉ ሳቀ። አንዳንዱም እውነት እጁን በመስኮት አውጥቶ ለበሬዎቹ አውለበለበ። ነጋዴዋ ብቻ «ዝም በል አንተ! ታስጨርሰናለህ» አለችው፤ እሷም እየሳቀች ነው። እኔ ሎሚዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። ፊት ለፊት ካየሁ ሕመሙ ይቀለኛል።

ጅጋን አለፍን። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ከመታጠፉ በፊት፣ በእኛ በኩል መንገዱ ላይ ቅጠል ተኝቶ አየሁ። እንደ ቀድሞው ዳር የተተከለ አይደለም፤ የደረቀም አይደለም። ያን ጊዜ የተቆረጠ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው እርጥብ ቅርንጫፍ ነው። በላዩም ነፋስ እንዳይወስደው ትላልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? መኪና የተበላሸበት ሰው ከወደፊትም ከወደኋላም እንዲህ ያደርጋል። እኛ አገር ቅጠል ስለሌለ ድንጋይና ባዶ በርሜል ያደርጋሉ እንጂ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ከፊትህ የቆመ አለ፣ ቀስ በል። ናዝሬት የአሰብ መንገድ ላይ ስለሆነች ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል። ሹፌሮቹም አጠገቡ ሲደርሱ አቁመው «ምን ጎደለህ?» ሳይባባሉ አይተላለፉም።

ሹፌራችን ግን በሳቁ ላይ ነበር። «ይኸውላችሁ፣ እዚህማ ምንጣፍ ዘርግተውልኛል!» አለ።

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ድንጋዮቹን በግራ ሸሸት አለና ቅጠሉን ረግጦ አለፈ። ታጠፍን። የጭነት መኪናው እዚያው ነበር። ዳሩ ገደል ያለ ቦይ ስለሆነ ወደ ዳር መውጣት ስላልቻለ ግማሹ መንገዱ ላይ ነው፤ የኋላ ጎማው ወልቋል፣ ከሥሩ ክሪክ ገብቷል። ሹፌራችን ፍሬን አልነካም። ጡሩምባ አልነፋም። መሪውን ብቻ ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጎ በአጠገቡ እንደ ነፋስ ሲያልፍ፣ ከቆመው መኪና ፊት አንድ ገበሬ ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሎ ወጣ።

ድምፁን አልጽፈውም። ስንቆም ውኃው ጠጠሩ ላይ ይፈስ ነበር፤ ሰውየው እግሩን ይዞ ተጋድሟል። የጭነት መኪናው ሹፌር፣ አቶ ወርቁ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እየሮጡ መጡ።

«ምነው! ምነው! ቅጠሉን አላየኸውም? ምነው ልጄ?»

የተመታው ሰው አያ ቢተው ይባላሉ። ማሳቸው መንገዱ ዳር ነው። መኪናው ከተበላሸ ጀምሮ የራሳቸውን የጤፍ ውቂያ ትተው አቶ ወርቁን ሲያግዙ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ውኃውንም ከወንዝ ያመጡት ለመኪናው ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ በመተላለፊያው ላይ አስተኛናቸውና ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ገሰገስን። አቶ ወርቁ ጭነታቸውን ትተው መሄድ ስላልቻሉ እዚያው ቀሩ።

አሁን የሚያናድደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። አያ ቢተው እግራችን ሥር እያቃሰቱ፣ ረዳቱ በላያቸው ላይ እየተራመደ ከወንበር ወንበር ይዞር ጀመር።

«ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ምልክት አልነበረም በሉ። ቅጠሉ የአቀባበል ቅጠል ነው። ሰውየውም ዘሎ ነው የገባው። እንዲህ ካላችሁ ቃላችንን ሰጥተን ወዲያው እንሄዳለን። ያለበለዚያ መኪናው ይታሰራል፤ እናንተም ፍኖተ ሰላም ታድራላችሁ። ምርጫው የናንተ ነው።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ገበያ ይደርስበታል፣ ሌላው ባሕር ዳር ለሥራ ይፈለጋል። ነጋዴዋ «ምን እናድርግ እንግዲህ፣ የተሰበረውን አንጠግነው» አለች። ማታ አልጋዋን ያካፈለችኝ ሴት ናት ይህን ያለችው! አያ ቢተው ይህን ሁሉ ተኝተው ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ገልጠው «ዘሎ ገባ ነው ያላችሁት?» አሉ።

አያ ቢተውን ሐኪም ቤት ካስገባን በኋላ፣ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ ሃምሳ አለቃ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ጠየቀ። «ምልክት አይተሃል?» «አላየሁም።» «አንተስ?» «ምንም ምልክት አልነበረም፣ የአቀባበል ቅጠል ነው።» ልክ እንደ ዳዊት በቃል አጥንተውታል። እኔን አልጠየቀኝም። ከነጋዴዋ ኋላ ተሸሽጌ ስለነበር ልጇ መስየው ይሆናል። ወዲያው ፖሊሶች ሄደው አቶ ወርቁን ይዘዋቸው መጡ። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ግራሶ ነው። ምልክት ሳያደርጉ መንገድ ዘግተው ሰው አስመትተዋል፣ ይታሰሩ ተባለ። ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ።

«ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ቅጠል ቆርጬ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ጭኜበት አንድ ሰው እንኳ አላየም? አንድ ሰው?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሹፌራችን ግድግዳ ተደግፎ ሲጋራ ይለኩሳል። ፖሊሱ ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዞ ወደ እስር ቤቱ ሲመራቸው፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፄ ወጣ።

«ካላዩት በምን ሳቁ?»

ሃምሳ አለቃው ዞረ። «ማናት የተናገረችው?»

ተመልሼ ልሸሸግ ቃጣኝ። ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል። «ቅጠሉን ሲያዩ ሹፌሩ ምንጣፍ ዘርግተውልኛል አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ካላዩ በምን ሳቁ?» አልኩ።

«ጌታዬ፣ ልጅቱ ሕመምተኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጀምራ ስታስመልስ ነው የመጣችው። ምን ታያለች!» አለ ሹፌሩ።

«ኧረ ተዪ አንቺ ልጅ! ማን ጠየቀሽ? ጠበቃ ሆንሽ እንዴ?» አለች ነጋዴዋ፣ ክንዴን ቆንጥጣ። የቆነጠጠችኝ ቦታ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ቆይቷል።

ያን ጊዜ መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቅድም ሲጠየቁ «ዓይኔ ደካማ ነው» ብለው ያለፉ ናቸው። «ማየቱን እንኳ እንጃ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መሳቁን ግን ስቀናል። እኔም ስቄአለሁ።» ከዚያ ከተሳፋሪዎቹ አንድ ወታደር «አዎ፣ ብሏል» አለ። ሌላም ተከተለ። ነገሩ እንደ ተፈታ ሹራብ ተተረተረ።

ሹፌሩ ይህን ሲያይ መንገድ ለወጠ። ቅጠል ሕጋዊ ምልክት አይደለም፣ ሕጉ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ ምልክት ነው የሚለው፣ ስለዚህ አቶ ወርቁ ጥፋተኛ ናቸው አለ። ይህን የሚል ራሱ ነው፤ የራሱ መኪና ውስጥ ያ ቀይ ነገር አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ስለ ቅጠል ክርክር ተጀመረ። ሕጋዊ ነው፣ አይደለም፣ ልማድ ነው፣ የአቀባበል ነው። እኔ ግን በንዴት ጆሮዬ ይጮህ ነበር። አንድ ነገር ሁሉም ረስተዋል።

«ጌታዬ፣ ቅጠሉ ባይኖርስ?» አልኩ። «መኪናው ራሱ አይታይም? ቤት የሚያህል መኪና ነው እኮ! ሰው እንዳለበት ለማወቅ ቅጠል ያስፈልገዋል?»

ሃምሳ አለቃው ወደ ሹፌሩ ዞሮ «የቆመ ተሽከርካሪ እንዴት ነው የሚታለፈው? መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የተጠየቅኸውን ንገረኝ» አለው።

ሹፌሩ ያውቀዋል። እንደ ተማሪ ጥርት አድርጎ አለው፦ ፍጥነት ቀንሶ፣ ጡሩምባ ነፍቶ፣ ርቀት ጠብቆ፣ ከፊቱ ሰው ሊወጣ እንደሚችል አስቦ። አንዲት ቃል አልሳተም። ባያውቀው ኖሮ እንዲህ ባልተናደድኩ ነበር።

አቶ ወርቁ በዚያው ተለቀቁ። በእሳቸው ፈንታ ሹፌራችን እስር ቤት ገባ። አውቶቡሱም ታሰረ። ተሳፋሪው ዕቃውን እያወረደ በአጠገቤ ሲያልፍ የወረወረብኝን ቃል ሁሉ እዚህ አልጽፍም። «ጠበቃዋ፣ በይ አሁን አሳድሪን!» ይላል አንዱ። «በጀርባዋ ታድርሰን እንጂ!» ይላል ሌላው። ነጋዴዋ ያለ እኔ ሆቴል ሄደች። አቶ ወርቁ ሊያመሰግኑኝ ሲመጡ ደግሞ እንደ ልማዴ አንደበቴ ተዘጋና ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ። እሳቸውም ገብቷቸው «ተባረኪ፣ እድግ በይ» ብለውኝ ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ማደሪያ የሰጡኝ እትዬ አንጓች ናቸው፣ የአያ ቢተው እህት። ወንድማቸውን ለማየት ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጡ ወሬውን ሰምተው ጣቢያው በር ላይ አገኙኝ። «የማን ልጅ ነሽ? ከየት ነው የመጣሽው? ነይ፣ ነይ፣ ደጅ አትቁሚ» ብለው ቅቤዬን ነጥቀው ተሸከሙልኝ። ቤታቸው ጠላ ይሸጣል፤ እኔን ግን ከጓዳ አስገብተው እግሬን አጠቡኝ። የዳጉሳ እንጀራ በተልባ ቀረበልኝ። ጥቁር ነው፤ በልቼ አላውቅም ነበር፤ እንዳልወደድኩት አይተው «እናንተ አገር ነጭ ነው የሚበላው? ኧረ በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ!» እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ። በመጨረሻ ወደድኩት።

ረቡዕ ጠዋት አብረን አያ ቢተውን ጠየቅን። እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተሰቅሏል። ስለ እግራቸው አላወሩም፤ የሚያወሩት ውድማ ላይ ስለቀረው ጤፍ ነው።

«ዝናብ ቢጥል ያ ሁሉ ጤፍ በቀለ ማለት ነው። ምነዋ እግሬን ከሰበረው አይቀር ከውቂያው በኋላ ቢሆን!» አሉና ወደ እኔ ዞረው «እናት አባትሽን ይማርልሽ። እኔስ እዚያ መኪና ውስጥ ተኝቼ ዘሎ ገባ ሲሉ ስሰማ፣ ለካ ዘልዬ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ።

ከአጥንቱ ይልቅ ይህ ነገር አቃጠለኝ።

ሐሙስ ሌላ መኪና ተሳፍሬ በማንኩሳ አድርጌ ቡሬ ገባሁ። የእህቴ ጎረቤቶች በአገውኛም በአማርኛም እንኳን ደህና መጣሽ አሉኝ፤ ያመጣሁትን ቅቤ አይተው ሳቁ፤ ከዚያ በእጥፉ ቅቤ አመጡልኝ። ልጁ ወንድ ስለሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ቆየሁ። ስለ ቡሬ ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ስለ እህል ገበያው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሰዉ ጨዋነት። ልቤ ግን ፍኖተ ሰላም ቀርቶ ነበር።

ስመለስ እትዬ አንጓች ቤት ጎራ ብዬ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ሹፌሩ በዋስ ከወጣ ሰንብቷል። ሽማግሌ ልኮ፣ አያ ቢተውም የሽማግሌ ፊት አላሳፍርም ብለው ታርቀዋል። ጤፉን ጎረቤት ወቅቶላቸዋል። እግራቸው ግን አጥሮ ገጥሟል፤ ዱላ ይዘዋል፤ ከእንግዲህ ሞፈር ይዘው ሙሉ ቀን ሊያርሱ አይችሉም። እትዬ አንጓች ይህን ሲነግሩኝ «እግዜር ያመጣው ነው» አሉ። እኔ ግን ማን እንዳመጣው አይቻለሁ።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ስወጣ መሪው ላይ የተቀመጠው ያው ሹፌር ነው። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ። «ጠበቃዋ! ነይ ከፊት ተቀመጪ፤ ያምሽ የለ?» አለኝ። ከኋላ መቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን ቦታ አልነበረም።

ደምበጫ ሳንደርስ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሟል። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ከዚያ እንደ ኤሊ ቀስ አለ፤ ጡሩምባውን ረዥም አድርጎ ነፋ፤ ከመኪናው ርቆ፣ ሌላኛውን ዳር ይዞ፣ በእግር ጉዞ አለፈ። ተሳፋሪው ምን ሆነ ብሎ አንገቱን አሰገገ። ካለፍን በኋላ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይኸው ቀነስኩልሽ! ደስ አለሽ? አየሽ፣ ማንም የለም!»

መልስ ባልሰጠው ይቀለኝ ነበር። ሁሉም ያየኛል። ያ የአያ ቢተው እግር ግን ትዝ አለኝ።

«ማንም እንደሌለ እርስዎ ያወቁት ቀስ ስላሉ ነው» አልኩት።